የማይተካውን አሳዩ

የአባቴ ታናሽ ወንድም የሎሚ አትክልታችንን ለጣሊያን መንገድ ሠሪዎች እንደሰጠ የነገረን ሰው የለም። አንድ ማለዳ ሁለት ፈረንጆች ሠራተኞች አስከትለው መጡና ከሮቢ ወንዝ ዳር እስከ ቁርቁራው ዛፍ ድረስ ካስማ መትከል ጀመሩ። እናቴ ችግኝ የምታጠጣበትን ቅል እንደያዘች ሄደችባቸው።

"ምን ልታደርጉ ነው?" አለች።

ፈረንጆቹ ዞረውም አላዩዋት። ከሠራተኞቹ አንዱ፣ ከጣርማ በር ወገን የመጣ ደገኛ፣ መዶሻውን አውርዶ መለሰላት። "እናቴ፣ ከዚህ ለመንገዱ ጠጠር ሊወጣ ነው። ባለቤቱ ፈቅደዋል ተብለናል።"

"ባለቤቱ እኔ ነኝ።"

"ባላባቱ ናቸው አሉ የፈቀዱት" አለና መዶሻውን መልሶ አነሣ።

ባላባት የተባለው አጎቴ ነበር። ጣሊያን አገሩን ከያዘ ወዲህ ነው ሹመቱን ያገኘው። ከዚያ በፊት እንደኛው ማሽላ የሚዘራ፣ ሲመሽ ከአባቴ ጋር ደጃፍ ላይ ተቀምጦ የሚያወጋ ሰው ነበር። በልጅነቴ ንዳድ ሲጥለኝ በጀርባው አዝሎ ወደ ሼኹ ቤት ያመላለሰኝ እሱ ነው። አባቴ ጣሊያን በገባበት ዓመት ክረምት ላይ ሲሞት ሬሳውን ያጠበው፣ እናቴን "አይዞሽ፣ እኔ አለሁ" ያላትም እሱ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ነገሩን እንደ ስሕተት ቆጠርነው። እናቴ ሻሿን አስራ ወደ ቤቱ ሄደች። ሚስቱ በር ላይ ቆማ "የሉም" አለቻት። ከውስጥ ሲያስል ሰማሁት አለችኝ እናቴ ስትመለስ።

መሬቱ ሰፊ አልነበረም። አባቴ ጥቂት የሎሚና የትርንጎ እግር ተክሎበት ከወንዙ ቦይ ጠልፎ ያጠጣው ነበር። ከላዩ አፈር፣ ከሥሩ ወንዙ ከጥንት ጀምሮ ያከማቸው ድንጋይ ነው፤ ፈረንጆቹም የፈለጉት እሱን ነው። ለእናቴ ሎሚው ትልቅ ነገር ነበር። ለእኔ ግን ከቁርቁራው ሥር ያለው ቦታ ነው። ልጄ እዚያ ተቀብሯል።

ልጄ የሞተው ጣሊያን ወደ አዲስ አበባ ያለፈ ጊዜ ነው። ገና አፍ መፍታቱ ነበር። ንዳድ ያዘው፤ ማታ ተኩሶት ማለዳ አረፈ። የእስላም መቃብር ከመንገዱ ማዶ ነው። መንገዱ ደግሞ በመኪናና በበቅሎ፣ በጥቁርና በነጭ ወታደር ተሞልቶ ከጧት ጀምሮ አላባራም ነበር። ለመሻገር የሞከረ አንድ ሰው መመታቱን ሰምተናል። የቆላ ሙቀት ሬሳ አያሳድርም፤ ሃይማኖታችንም አያቆይም። አባቴ በቁርቁራው ቅጠል ውኃ አፍልቶ ልጁን አጠበው። ገበያ ስላልነበረ ከፈን የሚሆን ጨርቅ አጣን፤ ጥምጥሙን ፈታና በሱ ጠቀለለው። አባቴና ባሌ፣ አንድ ጎረቤታችንም ተጨምሮ፣ ጉድጓድ ቆፍረው ከዛፉ ሥር ቀበሩት። በራሱና በእግሩ በኩል አንዳንድ ድንጋይ አቆሙ። አጎቴ የመጣው አፈሩ ሲመለስ ነው። ድንጋዮቹ አጠገብ ቆሞ ዱዓ አደረገ፤ አለቀሰም። መንገዱ ሲረጋጋ ወደ መቃብሩ ቦታ እናዛውረዋለን ተባባልን። ከዚያ ባሌ ከአርበኞቹ ጋር ወደ ጫካ ወጣ፣ አባቴ ታመመ፣ ነገሩ እንደዚያው ቀረ። እኔም አልቸኮልኩም። ሎሚ ስናጠጣ አጠገቡ መዋል ለምጄ ነበር።

ካስማው በተተከለ በሳምንቱ ወደ ቃዲው ሄድን። ቃዲው በገበያ ቀን ሸዋ ሮቢት ተቀምጠው የእስላሙን ውርስና ጋብቻ የሚያዩ ሽማግሌ ነበሩ። እናቴን እስከ መጨረሻው አዳመጧትና ጺማቸውን እያሻሹ እንዲህ አሉ፦

"መሬቱ የሟች ባልሽ ከሆነ ዋነኞቹ ወራሾች አንቺና ልጅሽ ናችሁ። ወንድምየው ደግሞ ያልተከፈለ የአባታችን ርስት ነው ይላል። ክፍፍሉን ያዩ ሽማግሎች ከአጣዬ ወገን መምጣት አለባቸው። በዚህ የተኩስ ዘመን መንገዱ አይታመንም። ክረምቱ ሲወጣ እሰማዋለሁ።"

"ቃዲ፣ ክረምቱ እስኪወጣ መሬቱ ይወጣል" አለች እናቴ።

"አውቃለሁ። እኔ የማንነቱን እፈርዳለሁ እንጂ የነጭ ሥራ ማስቆም አልችልም። ፍርዱ እስኪሰጥ አግዱልኝ ብለሽ ለጣሊያኑ ካፒቴን አመልክቺ። እሱ ካገደ ይቆማል።"

አግዱልኝ የሚለውን ቃል ለዚህ ነገር ሲሆን የሰማሁት ያኔ ነው። ከብት ነበር የሚታገደው እኔ የማውቀው።

ካፒቴኑ ከከተማው ከፍ ብሎ ባለ ጉብታ ላይ በቆርቆሮ በተሠራ ቤት ይቀመጥ ነበር። ፀሐይ ላይ ስንጠብቅ ቆይተን ስንገባ አጎቴ ቀድሞን ወንበር ላይ ተቀምጧል። እኛ ቆምን። አስተርጓሚው የአስመራ ልጅ ነው፤ አማርኛው ለስላሳ፣ ፊቱ ሁልጊዜ የደከመው ይመስላል። ካፒቴኑ ወፍራም መነጽር ያደረገ፣ ላቡን ደጋግሞ የሚጠርግ ሰው ነበር። ክፉ ፊት አልነበረውም። ይህን የምለው ላመሰግነው አይደለም፤ ክፉ ፊት ቢኖረው ይቀለኝ ስለነበር ነው።

እናቴ አቤቱታዋን ተናገረች። ካፒቴኑ ሰማና ጠየቀ። አስተርጓሚው ወደኛ ዞሮ፣ "ቃዲው ወደፊት መሬቱ የእናንተ ነው ብለው ቢፈርዱ መንገድ ሠሪው ድርጅት ካሳ ይከፍላችኋል፤ አሁን ሥራው ቢቀጥል ምን ትጎዳላችሁ? ነው የሚሉት" አለን።

"ምን ትጎዳላችሁ?" አለች እናቴ ተገርማ። "ሎሚዬ! እንደኔ ሎሚ በቀወት አገር ሁሉ የለም። ከደጋ ድረስ እየመጡ ነው የሚጭኑት። ትርንጎውስ? ባሌ አሥር ዓመት ለፍቶበታል።"

ካፒቴኑ አንድ ነገር ጻፈ።

"ቦዩም አለ" አለች እናቴ መጻፉን አይታ ተበረታታችና። "ቦዩን ለማውጣት ስንት ሰው አብልተናል! በሬ አርደናል!"

ካፒቴኑ አሁንም ጻፈ፤ ራሱንም ነቀነቀ። እናቴ ወደኔ አየች፤ የተሳካላት መስሏታል። አስተርጓሚው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እናቴ፣ ዋጋውን ከፍ ባደረጉት ቁጥር ራስዎን ይጎዳሉ" አላት። "ዋጋ ያለው ነገር በገንዘብ ይተካል። በገንዘብ የሚተካ ከሆነ ሥራውን አያስቆሙም። እሳቸው የሚፈልጉት የማይተካውን ነው። የማይተካውን አሳዩ።"

"ዋጋ የሌለው ነገር እንዴት ብሎ ይጎዳኛል?" አለች እናቴ። ግራ ገብቷት እጇ ተንጠልጥሎ ቀረ።

አጎቴ መሬት መሬት ያያል። ያኔ እኔ ተናገርኩ። ወንዶች ባሉበት መናገር አልለመድኩም፤ ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ።

"ልጄ አለ" አልኩ። "ከቁርቁራው ሥር ተቀብሯል።"

አስተርጓሚው ሲነግረው ካፒቴኑ ብዕሩን አስቀመጠ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አየኝ። ወደ አጎቴ ዞሮም ጠየቀው።

አጎቴ ብድግ አለ። "ጌታዬ፣ የእስላም መቃብር ከመንገዱ ማዶ ነው። እስላም የሚቀበረው እዚያ ነው። የወንድሜ ልጅ፣ ልጇ እንደሞተባት እውነት ነው፤ አላህ ምሕረት ያድርግለት። ያ ቦታ ግን አትክልት ነው። መቃብር የለበትም።"

"አጎቴ!" አልኩ። "አንቱ ቆመው ዱዓ አላደረጉም?"

ዓይኑን ከመሬት አላነሣም።

"የልጁ አባት የት ነው?" አለ ካፒቴኑ።

ባሌ በዚያን ሰዓት ከቀወት በላይ ባለው ጫካ ነበር። ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሰው ልኮ በሶ ወስዷል። "ሞቷል" አልኩ። አንደበቴ አልተደናቀፈም። አጎቴ ያኔ ብቻ ቀና ብሎ አየኝ። ባሌ የት እንዳለ ያውቅ ነበር። አንድ ቃል ቢናገር እኔ ከዚያ ቤት ወደ ወህኒ እንጂ ወደ ቤቴ አልመለስም ነበር። ጠበቅሁት። ዝም አለና ተቀመጠ። ይህን ዝምታ ምን ልበለው ብዬ ብዙ ዘመን አስቤበታለሁ።

"ሲቀበር ያየ ሌላ ሰው አለ?"

ጎረቤታችንን ጠራሁ። ጎረቤታችን በዚያ ሰሞን የመንገድ ሠሪዎቹ ዕቃ ቤት ዘበኛ ሆኖ ተቀጥሮ ነበር። ያስቀጠረው አጎቴ ነው። ልከው አስመጡት። ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ገባና በሩ አጠገብ ቆመ።

"ሕፃኑን ስትቀብሩ ነበርክ?"

"ነበርኩ ጌታዬ።"

"የት ነው የቀበራችሁት?"

አጎቴን አየው። ባርኔጣውን አየው። "ያኔ ሽብር ነበር ጌታዬ፤ ቦታውን አላስታውሰውም።"

እናቴ ጮኸች፤ በሩ ላይ የነበረ ወታደር ዝም አሰኛት። ካፒቴኑ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሻሸና ረጅም ነገር ተናገረ። አስተርጓሚው የመጀመሪያውን ዘለለውና የመጨረሻውን ብቻ ነገረን፦

"ሁለት ድንጋይ ማስረጃ አይሆንም፤ ወንዝ ዳር ሁሉ ድንጋይ ነው አሉ። ሰው እልካለሁ፤ በፊቱ ከፍታችሁ አሳዩት። መቃብር ከሆነ አስቆማለሁ። ካልከፈታችሁ ሰኞ ሥራ ይጀመራል።"

ስንወጣ አስተርጓሚውን ተከትዬ፣ "የዘለልከው ምንድን ነው?" አልኩት።

ሊነግረኝ አልፈለገም። አጥብቄ ስይዘው፣ "በእኛ አገር እያንዳንዱ መቃብር ስም ይጻፍበታል፤ እንዲህ ያለ ክርክር አይመጣም ነው ያሉት" አለኝ።

ወደ ቃዲው ተመለስኩ፤ ብቻዬን። መቃብር መክፈት ይፈቀዳል ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። "ሐራም ነው" አሉ። "የሞተ ሰው ክብር እንደ ቆመ ሰው ነው። ግን ካልተከፈተ የባሰ የሚመጣበት ከሆነ፣ ለዚያ ፈቃድ አለው። ባትከፍቺውም የመንገድ ሠሪዎቹ መኪና ይከፍተዋል። እኔ ክፈቺ አልልሽም፤ አትክፈቺም አልልሽም። አላህ ያግዝሽ።"

እናቴ ግን ቁርጥ ያለ ቃል ነበራት። "አታደርጊውም" አለችኝ። "መኪናው ቢያወጣው ኃጢአቱ የነሱ ነው። አንቺ ብታወጪው ያንቺ ነው።"

"ኃጢአቱ የማንም ይሁን። አጥንቱ የኔ ነው" አልኳት።

"ልጅ ሁለት ጊዜ አይቀበርም።"

"እኔ ልጄ ከጠጠር ጋር ተፈጭቶ መኪና ሲሄድበት ልይ?"

ከዚያ በኋላ አልተነጋገርንም። እሑድ ማለዳ ዶማ ይዤ ስወጣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተቀምጣ ነበር።

ካፒቴኑ የላከው አንድ ነጭ የአሥር አለቃና አስተርጓሚው ነበሩ። አጎቴም መጥቶ ራቅ ብሎ ከቦዩ ማዶ ቆመ። ዶማውን አንሥቼ አንድ ጊዜ እንደ መታሁ ከኋላዬ የእግር ኮቴ ሰማሁ። ጎረቤታችን ነው። የዘበኝነት ካፖርቱን አውልቆ በሎሚው ቅርንጫፍ ላይ ሰቀለና ዶማውን ከእጄ ያዘ።

"አምጪ" አለኝ። እንባው እስከ አገጩ ወርዷል። "እዚያ ጋ ራሱን ትመቺዋለሽ። ራሱ በዚህ በኩል ነው። እኔ ነኝ ያስተኛሁት።"

ያን የተናገረው በአሥር አለቃውና በአጎቴ ፊት ነው። አስተርጓሚው ሰምቷል፤ ለነጩ ግን አልተረጎመለትም። ምናልባት ሰውየው በሐሰት መስክረሃል ተብሎ እንዳይታሰር ይሆናል። ቢተረጉምለት ኖሮ ቁፋሮው እዚያ ላይ ይቆም ነበር ብዬ ያሰብኩት በኋላ ነው። በሰዓቱ ግን ማናችንም አላሰብነውም።

ጎረቤታችን በጥንቃቄ ቆፈረ። ወደ ታች ሲደርስ ዶማውን ትቶ አፈሩን በእጁ አወጣ። ከላይ የተረበረበው እንጨት ታየ፣ ከዚያ የአባቴ ጥምጥም ታየ። ቀለሙ የአፈሩን መስሏል። "ይኸው!" አልኩ። "በቃ፤ አይታችኋል። መልሱት።"

አሥር አለቃው ጎንበስ ብሎ አየና ተናገረ። አስተርጓሚው አልተረጎመም። አሥር አለቃው ደገመለት።

"ምን ይላል?" አልኩ።

"ጨርቅ ነው ይላል። ውሻም ሊሆን ይችላል፤ ውስጡን ማየት አለብኝ ነው የሚለው" አለ አስተርጓሚው። ይህን ሲል ፊቱን ወደ ወንዙ አዙሮ ነበር።

ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈለግሁም። ጉድጓዱ ውስጥ ገብቼ የፈታሁት እኔ ነኝ።

ያየሁትን አልናገረውም። አንድ ነገር ብቻ እናገራለሁ፣ ምክንያቱም አሳዩ የተባልነው የማይተካ ነገር እሱ ሆኖ ስላገኘሁት ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ የልጄ ፊት አይጠፋብኝም ነበር። ሎሚ ሳጠጣ፣ ማሽላ ስፈጭ፣ ዓይኔን ጨፈን ባደርግ ይመጣል፤ ሲስቅ ላይኛው ከንፈሩ ወደ ላይ ይሰበሰብ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ያንን ፊት ስጠራው የሚመጣው ከጥምጥሙ ውስጥ ያየሁት ነው። ይኸው አርጅቻለሁ፤ አሁንም እሱ ነው የሚመጣው። የበፊቱን መልሼ አላገኘሁትም። የወሰደብኝ መኪናው አይደለም። በገዛ እጄ ነው የፈታሁት።

አሥር አለቃው ቆቡን አወለቀ። አጎቴ ከቦዩ ማዶ ቁጢጥ ብሎ በሁለት እጁ ፊቱን ሸፍኖ ነበር። ጎረቤታችን ከጉድጓዱ ጎትቶ አወጣኝ። መልሰን ከደንነው።

እግዱ በማግስቱ መጣ። ማኅተም አለው። አስተርጓሚው እቤታችን ድረስ ይዞ መጥቶ አነበበልን፦ ቃዲው እስኪፈርድ ድረስ ከመቃብሩ ዙሪያ አራት አራት ክንድ እንዳይነካ።

"የቀረውስ?" አለች እናቴ።

"የቀረው በካሳ የሚተካ ነው ተብሏል" አለ። መቀመጫ ብንሰጠውም አልተቀመጠም።

በዚያው ሰኞ ሥራው ተጀመረ። ሎሚዎቹን በገመድ እየጎተቱ ነቀሏቸው። እናቴ በመጀመሪያው ቀን ቆማ አየች፤ ከዚያ በኋላ በሩን ዘግታ ዋለች። የድንጋይ መፍጫው ጩኸት እስከ ቤታችን ይሰማል። በእኔ ቦታ ዙሪያ ገመድ ወጠሩበት፤ እውነቱን ለመናገር አንድም ሠራተኛ ከገመዱ አላለፈም። ግን በአራቱም በኩል ቆፍረው ሲወርዱ ቁርቁራውና መቃብሩ በጉድጓድ መካከል እንደ ግንብ ብቻቸውን ቆመው ቀሩ። ወደሱ መሻገሪያ ስላልነበረ አጠገቡ መድረስ አልቻልኩም። ከዳር ቆሜ አየዋለሁ።

ጎረቤታችን በዚያው ሳምንት ከዘበኝነቱ ወጣ። አባረሩኝም፣ ተውኩም ብሎ አልነገረንም። አንድ ቀን ከዳር ቆሜ ሳለሁ መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

"ያን ጊዜ ካፒቴኑ ፊት እውነቱን ብናገር መክፈት አያስፈልግሽም ነበር" አለ።

"አዎ" አልኩት። ሰውየው ልጆች ነበሩት፤ አጎቴን ይፈራ ነበር። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። አዎ ማለቴን ግን አልተውም።

ነሐሴ ላይ ሮቢ ሞላ። ከደጋ የወረደው ጎርፍ የበፊቱን ዳር ቢያገኝ ያልፍ ነበር፤ ዳሩ ግን ጠጠር ሆኖ መንገድ ላይ ተነጥፏል። ውኃው በተቆፈረው ገብቶ ያን የቆመውን አፈር ከሥሩ በላው። ሲነጋ ብንወጣ ቁርቁራው የለም፤ ገመዱ ካንዱ ካስማ ላይ ተንጠልጥሎ ውኃው ያወዛውዘዋል። ውኃው ሲጎድል እኔና ጎረቤታችን ወንዙን ተከትለን ወደ ቆላው ወረድን። ከብት የሚጠብቁ ሰዎችን ጠየቅን። ቁርቁራውን አንድ መታጠፊያ ላይ ተጋድሞ አገኘነው። ሌላ ያገኘነው ነገር የለም።

ቃዲው ቃላቸውን ጠብቀው ጥቅምት ላይ ፈረዱ። ከአጣዬ የመጡት ሽማግሎች ክፍፍሉን አስታወሱ፤ መሬቱ የአባቴ መሆኑን መሰከሩ። አጎቴም አልተከራከረም። "መሬቱ የእናንተ ነው" አሉ ቃዲው። ፍርዱን ይዘን ስንመለስ መሬታችን የሽንብራ ቀለም ያለው ውኃ የተኛበት ጉድጓድ ነበር። ትንኝ ይፈላበታል። ድርጅቱ ካሳውን ከፈለ። እናቴ ወሰደች፤ ጊደርም ገዛችበት። ሰው "እንዴት ወሰደች?" ብሎ አምቷታል። እኔ አልፈርድባትም፤ ጊደሯ ስትወልድ ወተቷን ጠጥቻለሁ።

ባሌ ጣሊያን ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው ተመትቶ ሞተ። የት እንደተቀበረ የነገረኝ ሰው የለም። መቃብሩ እንደተከፈተም፣ ጎርፍ እንደወሰደውም ሳይሰማ ነው የሞተው። ለካፒቴኑ ሞቷል ያልኩት በአፌ መጣበት የሚሉኝ ሴቶች ነበሩ። እኔ እንደዚያ አላምንም፤ ቢሆንም ሲሉኝ ያመኛል።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ የአጎቴ ባላባትነት ቀረ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በምርኩዝ እየተደገፈ መጥቶ ደጃፋችን ላይ ተቀመጠ። እናቴ ውኃ ሰጠችው። ጠጣና የማናውቀውን ነገረን። የበኩር ልጁ ለአርበኞች እህል ሰጥቷል ተብሎ ተይዞ ነበር። እኛ ወደ ሐረር ለንግድ ሄደ ነበር የተባልነው። ጣሊያኖቹ ይሰቀላል ብለውት ነበር። ለጠጠሩ የሚሆን መሬት ካስገኘህ ይፈታል አሉት። የራሱ መሬት ከወንዙ ራቅ ያለ ነው፤ ጠጠር የለውም።

"እሺ፣ መሬቱን ሰጡ" አልኩት። "መቃብሩን ለምን ካዱ?"

"መቃብር አለ ብል ሥራው ይቆማል። ሥራው ቢቆም ልጄን መልሰው ያስሩታል።" ምርኩዙን መሬት ላይ አሻሸ። "ልጄ፣ ያንቺ ሞቶ ነበር። የኔ በሕይወት ነበር።"

እናቴ ከጓዳ በር ላይ ቆማ ሰምታ ነበር። "ብትነግረን ኖሮ መሬቱን በገዛ እጃችን በሰጠንህ" አለችው። "ሕፃኑንም ቢስሚላህ ብለን፣ ሰው ሰብስበን፣ በክብር አንሥተን በመቃብር ቦታ ባሳረፍነው።"

"ማንን ላምን?" አለ አጎቴ፣ ቀስ ብሎ። "ጊዜው ሰው የሚታመንበት ነበር?"

"ባሌን አላጋለጡም" አልኩት። "እኔ አንቱን አላጋልጥም ብለው ማመን አቃተዎት?"

እናቴ እንጀራ አቀረበችለት። በላ፤ አመስግኖ ሄደ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ሞት አፋፍ ላይ ሲደርስ ልጁን ላከብኝ። ያ የተፈታው ልጅ ነው የመጣው፤ ጸጉሩ ገብስማ ሆኗል። "አባቴ አፉ በይኝ ይልሻል" አለኝ፤ ይቅር በይኝ ማለቱ ነው። ሄድኩ። አጎቴ መናገር አይችልም፤ ዓይኑ ብቻ ይከተለኛል። ሰው ሁሉ ይጠብቀኛል። "አፉ ብያለሁ" አልኩ። እንዲህ ያለ ሰው ፊት ሌላ ነገር አይባልም።

ልጁ እጄን ሳመኝና እስከ ወንዙ ድረስ ሸኘኝ። ስለ ሽንኩርት ማሳው፣ ስለ ልጆቹ እያወራኝ ሄድን። ትልቁ ልጁ ሊያገባ ነው። ደግ ሰው ነው፤ በማንም ላይ ክፉ አልሠራም፤ የሱ ነፍስ በምን እንደተገዛችም ጠንቅቆ የሚያውቅ አይመስለኝም። እሱ እያወራ እኔ ከጎኑ ቁመቱን፣ ትከሻውን፣ አረማመዱን አያለሁ። የኔም ቢኖር እያልኩ።

እስከ ዛሬ በበዓል ይጠይቀኛል። ገበያ ላይ ከሩቅ ሲያየኝ ፊቱ ይበራል፤ ለሰላምታ ወደኔ ይመጣል። መንገድ የምቀይረው እኔ ነኝ።